የባሳ ሚስማር

ባሳ አረፈ ብለው ሲነግሩኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ከማን ጋር ሲጣላ?» የሚል ነበር። መርዶውን ይዞ የመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ፤ ኋላ የመጣበት ጉዳይ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገና አንገቱን ደፋ። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅሁት። ባሳ አልጋው ላይ በሰላም ተኝቶ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካስ እንደዚያው ሆኗል። ማለዳ ሚስቱ አስቴር «ተነስ፣ ፀሐይ ወጣ» ስትለው፣ ከተጋቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከራት ቀረ።

ጎረቤቴ ነበር። ከበዴሳ ከተማ በሞተር ለሚመጣ ሰው ከመንገዱ በላይ መጀመሪያ የሚታየው የባሳ ባርኔጣ ነው፤ ከባርኔጣው ሥር ባሳ፤ ከባሳ ቀጥሎ የእኔ ቤት። ማሳችን ጎን ለጎን ሆኖ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ረጅም ሰው ነበር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቀልዱን ሳይናገር አስቀድሞ ራሱ የሚስቅ። አንዳንዴ ስቆ ሳይጨርስ ቀልዱ ይጠፋበታል፤ ያኔ እኛ በሳቁ እንስቃለን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑ በአንድ መንገድ ሲሄዱ እሱ በሌላ መንገድ ሄዶ መዝሙሩ ማለቂያ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ሲከራከር ደግሞ ዶማውን ያቆምና አገጩን እጀታው ጫፍ ላይ ያሳርፋል። አገጩ እዚያ ላይ ካረፈ፣ ሥራ ያለበት ሰው ቶሎ ቢሰናበት ይሻለዋል።

እኔና እሱ የምንከራከረው በአንዲት ቁራጭ መሬት ነበር። በሁለታችን ማሳ መካከል ናት። ሁለት በሬ ጎን ለጎን ቢሄድባት ለሦስተኛ ቦታ የላትም፤ ርዝመቷ ግን ከጓሮአችን ተነስቶ ወንዙ ድረስ ነው። እኔ፣ የባሌ አባት የዘራባት መሬት ናት፣ የእኔ ናት እላለሁ። ባሳ፣ አባቴ አጋም የተከለባት ናት፣ የእኔ ናት ይላል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ሲደክማቸው፣ እስክትስማሙ ድረስ የማናችሁም ማረሻ አይግባባት፣ የማናችሁም ማጭድ አይንካት ብለው ዘጉት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የዘጋውን መሬት የሚነካ ሌላ ሰው ከሁለቱም ባለጉዳዮች ጋር እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የነካት የለም። መንግሥት መሬት ሲያስለካ እንኳ ለካዮቹ ሜትራቸውን ከወዲያና ከወዲህ ዘርግተው እሷን መሃል ላይ ትተዋት ሄዱ።

እኛ ስንከራከር እሷ በቀለች። ግራዋው ወጣ፣ አጋሙ ተጠላለፈ፣ ብሳናው ራሱ ዘሩን ጥሎ ራሱ አደገ። ልጆቼ ተወልደው፣ አድገው፣ እነሱም ወልደው፣ እኔና ባሳ እዚያው ነበርን፤ እሱ ከወዲያ ሆኖ «ምቀኛ» ይለኛል፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ «ቀማኛ» እለዋለሁ። ከዚያ እሁድ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንዘምራለን።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለጃርት የሚዘራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ጫካ የሚመስል ነገር ሲያይ ገጀራውን ይፈልጋል። ባሳ ግን በማሳው ግርጌ ያለውን ረግረግ ቦይ ቀዶ አላደረቀውም፤ እንቁራሪት ይጮህበታል፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይቆሙበታል። አጥሩን አይከረክምም። ጫፉ የደረቀውን ትልቅ ሾላ፣ ለማገዶ ይሆናል ሲሉት፣ ተከራይ አለው ይላል። ተከራይዋ ጉጉት ናት። በየዓመቱ ደግሞ ስኳር ድንች ሲተክል በቁጥቋጦው ዳር አንድ መስመር ለብቻው ያወጣል። ያንን መስመር አስቴር አትቆፍረውም፣ ልጆቹም አይነኩትም። የጃርቷ ነው።

እንስሳ ወዳድ ቅዱስ ነበር እንዳትሉኝ። ባሳ በአንዲት በግ ከገዛ ወንድሙ ጋር ተኳርፎ ከርሟል። ስለ ጃርቷ ስጠይቀው ያለኝ፣ ሌባን በር ላይ ካበላሽው ጓዳ አይገባም ነው። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር ወይ? አይሠራም። ጃርቷ የራሷን መስመር ጨርሳ ወደ ዋናው ማሳ የምትሻገርበት ዓመት ነበር። ያኔ ባሳ ማለዳ የተቆፈረውን አፈር እያየ፣ ዘንድሮ እንግዳ መጥቶባት ይሆናል ይልላት ነበር።

ለሁሉም ስም አውጥቶላቸዋል። ጅግሮቹ ሁሉም በአንድ ላይ እኩል ስለሚጮሁና አንዱም ከሌላው ስለማይስማማ «መዘምራን» ናቸው። ጉጉቷ «ዘበኛ» ናት። ጃርቷ ሰው ሳያያት መጥታ የፈለገችውን ወስዳ ስለምትሄድ «ገንዘብ ያዥ» ብሏታል። በዚህ ስም የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ተቀይሞት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎች ፊት አቆመው። ባሳም ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወንድሜ ሆይ ስሙን ያወጣሁት አንተ ከመመረጥህ በፊት ነው፣ ብትፈልግ ጃርቷን ሰብሳቢ ብዬ ልጥራት አለ። ሰብሳቢው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ነገሩ በጸሎት ተዘጋ።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን አንዲት ልጅ ታማ ሳለ ጉጉቷ ጮኸች። ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው መጡ፤ ሞት እየጠራች ነው አሉ። ባሳ ሾላው ሥር ዶማውን አቁሞ አገጩን አሳርፎ ጠበቃቸው። «የምትጠራው ሞት አይደለም፣ እራቷን ነው» አላቸው። «ልጅቷን ሐኪም ቤት ውሰዷት። ድንጋዩን ደግሞ ለመንገዱ ጉድጓድ አስቀምጡት።» ልጅቷን በሞተር በዴሳ ወሰዷት፣ ዳነች። ጎረምሶቹ ግን ጉጉቷን ሳይሆን ባሳን መፍራት ያዙ።

ከእኔ ጋር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለን። ያቺ ገንዘብ ያዥ አንድ ዓመት ወደ እኔ ተሻግራ ጎዳሬዬን ፈጀችው። በትሬን ይዤ ሄድኩና፣ ያንተ እንግዳ የእኔን ቤት በላች አልኩት። ባሳ አገጩን አሳርፎ፣ ጃርቷ ድንበር የት እንደሆነ አታውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ ስለዚህ አልፈርድባትም አለኝ። ተሳድቤ ተመለስኩ። በማግስቱ ማለዳ ስወጣ ባሳ በእኔ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በቁጥቋጦው ዳር፣ በእኔ በኩል፣ የስኳር ድንች ሐረግ እየተከለ ነው። ሐረጉን ከራሱ ማሳ ነው ቆርጦ ያመጣው። ቀና ብሎም አላየኝ። «አትከራከሪኝ፣ ወገቤ ታሟል» አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሁለቱም በኩል መስመር ይተክላል። እኔም መሬቷን የእኔ ናት ማለቴን አልተውኩም፤ እሱም አልተወ።

ከዚያ የሽልማቱ ወሬ መጣ። የወረዳው ግብርና ሰዎች በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ዘንድሮ ብዙ ያመረተ ገበሬ ብቻ ሳይሆን እያረሰም የዱር እንስሳና ወፍ በማሳው የሚያኖር ገበሬ ይመሰገናል አሉ። ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ የተመረጠው ሶዶ ከተማ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሰው ሁሉ ዞሮ ባሳን አየው። ባሳም ሰው ሁሉ እስኪያየው ጠብቆ ነበር።

ትሑት ነበር ብዬ አልዋሽም። ፈለገው። እንደ ሕፃን ልጅ ፈለገው። በዚያው ቀን ማታ መዶሻ ሲመታ ሰምተን ምን ተሰበረ ብለን ብንሄድ፣ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቷል። ለምኑ ነው ስንለው፣ ለወረቀቱ አለን። ገና ኮሚቴው እንኳ አልመጣም። አስቴር፣ ሰው ልጁ ሳይወለድ ጥርሱን ይቆጥራል እንዴ ብትለው፣ ሚስማሩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ጠንካራ ነው» አላት።

ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ የበዴሳ ገበያ ነበር። እኔ ጨው ልገዛ ሄድኩ፣ እሱ ባለ መስታወት ፍሬም ሊገዛ። ስንመለስ ሌላ ሞተር ስለጠፋ ሦስታችን በአንድ ሞተር ላይ ወጣን፤ ባለሞተሩ ከፊት፣ ባሳ መሃል፣ እኔ ከኋላ፣ ፍሬሙ በእኔና በእሱ መሃል። መንገዱን ሙሉ እንዳትሰብሪው፣ እንዳትደገፊው፣ በክርንሽ ነው የነካሽው እያለ አደረቀኝ። እኔም በሰው መሬት ላይ የበቀለ ጫካ አስመዝግበህ ልትሸለም ነው አልኩት። በጎኑ ዞሮ ሊመልስልኝ ሲል ባለሞተሩ ወይ ዝም በሉ ወይ ውረዱ አለን። ዝም አልን፣ እየሳቅን።

ከመንገዱ ስንወርድ መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ቤቱ ከሩቅ መታየቱ ነው። የባሳ ቤት ከሩቅ አይታይም ነበር።

ማንም ክፉ አልነበረም። ይህንን አስቀድሜ ልናገር፣ ፍርድ እንዳይጓደል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳና፣ በእጄ አሳደግሁት ማለት እችላለሁ፣ ኮሚቴ ነገ ይመጣል ብሎ ደቦ ጠርቷል። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ ጎረቤቱ፣ እነዚያ ድንጋይ ይዘው የመጡት ጎረምሶች ሳይቀሩ ወጥተዋል። እስከዛሬ ወደ እኛ የመጣ ኮሚቴ ሁሉ የሚያየው ያው ነው፦ አረም የሌለው ማሳ፣ የተከረከመ አጥር፣ የተጠረገ ደጅ። ስለዚህ ባሳ እንዲሸለም ባሳ ገበያ ውሎ እስኪመለስ አጥሩን ከረከሙለት። የረግረጉን ውኃ ቦይ ቀደው ለቀቁለት። ከግርጌው ያለውን ቁጥቋጦ እስከ ሥሩ መነጠሩት። የጃርቷን መስመር ቆፍረው ስኳር ድንቹን ደጃፍ ላይ ቆለሉት። አስቴር ተዉ ይቆጣል ብትላቸው፣ አዬ፣ ዛሬ የሚቆጣበት ቀን አይደለም፣ ሲያይ ያለቅሳል አሏት። ሾላውን ሊቆርጡት መጋዝ ሲፈልጉ ነው የደረስነው። ግቢው እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃል።

አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። የተዘጋችው መሬት። እሷን ሽማግሌ ስለዘጋት ማንም አልነካትም። ከዚህም ከዚያም ጠርገው መሃል ላይ ትተዋት፣ እንደ አውራ ዶሮ ቁንጮ ቆማ ትታያለች።

ደቦው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ባሳን ይጠብቃል፣ እንዲያመሰግናቸው። ባሳ ፍሬሙን በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ። ዶማው አጠገቡ አልነበረም፤ አገጩን የፍሬሙ ጫፍ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ፍሬሙን ለአስቴር ሰጣትና በየተራ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። ለደከመልህ ሰው ማብላት ሕግ ነው፤ ቆጮውና ጎመኑ ከዳጣ ጋር ቀረበ፣ ከተቆለለው ስኳር ድንችም ተቀቀለ። ሲበሉ እየዞረ ጨመረላቸው። አንዱን እንኳ በክፉ ዓይን አላየም። በልተው ሲጨርሱ ሳና፣ ጋሼ ባሳ፣ ሌላ የቀረ ሥራ ካለ ነገ በጠዋት መጥተን እንጨርስ ብሎ ጠየቀው።

ባሳ ቀስ ብሎ «ከዚህ በኋላ ምንም አታድርጉ» አለ። «እሱን ብቻ ነው የምለምናችሁ።» ደግሞም፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ጃርቷ ዛሬ የት ትደር?» አለ።

ያኔ ነው የገባቸው። ሳና በእጁ የያዘውን ስኳር ድንች አየው፣ ሊያስቀምጠው ቦታ አጣ።

ኮሚቴው በማግስቱ መጣ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የወረዳው ባለሙያ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ጨዋ ልጅ፤ ሁለተኛዋ ከዩኒቨርሲቲው የመጣች ወፍ የምታጠና መምህርት፣ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላለች። የባሳን እንስሳት ወሬ ቀድመው ሰምተዋል፣ ገንዘብ ያዥና መዘምራን የሚባሉትን ሳይቀር። ገብተው ዙሪያውን አዩ። መምህርቷ መነጽሯን አነሳች፣ አወረደች። የምታየው የተጠረገ አፈር ነው። ባለሙያው በትሕትና፣ አባቴ፣ እኛ የሰማነው ሌላ ነበር አለው። ሳና ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እኛ ነን ያጸዳነው ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ባለሙያውም፣ አምናለሁ፣ ግን እኔ መጻፍ የምችለው ያየሁትን ነው አለ። ከዚያ ሲቀጥል፣ በታችኛው መንደር አንድ ገበሬ ጦጣ እንዳለው፣ ዛሬ ጠዋት እንዳዩትና ሌላ ካልተገኘ ሽልማቱ ወደ እሱ እንደሚሄድ ተናገረ።

ያንን ሰው አውቀዋለሁ። ጦጣውን ከሽልማቱ ወሬ በኋላ ነው የያዘው። በገመድ አስሮ በሩ ላይ ያቆመው ነው።

እኔ ነገር ሲጣመም ማየት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ በሽታ አለብኝ። «ማሰር ማኖር ከሆነማ እኔም ፍየል አለኝ» አልኩት። በተከፈተው በር ሚስማሩ ይታያል፤ ከሥሩ አስቴር ያቆመችው ባዶው ፍሬም አለ። ባሳ ወደዚያ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

በዚህ መሃል መዘምራኑ ጮኹ። ከተዘጋችው መሬት ውስጥ ነው፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ማንም ከማንም ሳይስማማ። መምህርቷ መነጽሯን ይዛ ሮጠች። ለካስ ከዚያ ሁሉ የተባረረው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተጠጋግቶ አድሯል። ጅግራው እዚያ ነው፣ ቆቁ እዚያ ነው። በአጋሙ ሥር ትኩስ የጃርት ጉድጓድ አለ፤ አፉ ላይ እሾኋ ወድቋል። አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ዘላ ወጥታ፣ የተጠረገውን ማሳ አይታ ደንግጣ፣ ተመልሳ ገባች። የባለሙያው ፊት በራ፣ ወረቀቱን አወጣ።

«ይህ ቦታ የማን ነው?» አለ።

ሳና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥ የመንደሩ ሰው የለም፤ መልሱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

እኔ «የእሱ ነው» አልኩ።

ባሳ በዚያው ቅጽበት «የእሷ ነው» አለ።

ሳና ዓይኑን ገለጠና አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የእኔን ምክንያት ልናገር። መሬቷን አልተውኩም ነበር። ግን ለእንስሳው የዘራ ማነው? እሱ ነው። በእኔ በኩል ሳይቀር የዘራው እሱ ነው። ያ ሁሉ ድካም ለገመድ አሳሪ ከሚሄድ መሬቷ ብትሄድ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። በሊቀመንበር ፊት የተነገረ ቃል እንደማይመለስ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። የእሱ ግን አልገባኝም። ሌላ ምንም ማድረግ አልነበረበትም። ዝም ቢል ወረቀቱም ነበር፣ መሬቷም ነበረች። ባሳ ዝም ብሎ ሁለቱንም ያገኛቸው ነበር።

«ባሳ፣ አፍህን ያዝ» አልኩት። «ይጻፍልህ።»

ባሳ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣ ሲያወልቅ ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

«በሰው መሬት አልሸለምም» አለ። «የባልሽ አባት ሲዘራባት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ዘር እንኳ አቀብዬዋለሁ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ያውቅ ነበር፣ ሲነሳም ያውቅ ነበር። በትሬ ወደ ላይ ስትነሳ አየኋት፤ እንዴት እንደተመለሰች አላውቅም። ምን ብዬ ልምታው? ያን ሁሉ ዓመት የነፈገኝን፣ ከምንም በላይ በሚፈልገው ነገር ፊት ቆሞ ሰጠኝ። ሌላ ቀን ቢሰጠኝ ይቀለው ነበር፣ አይደለም? እሱ ግን የመረጠው ያንን ቀን ነው።

«መሬቷ የእኔ ከሆነች» አልኩ፣ በትሬን ተደግፌ፣ «በመሬቴ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ። አፈሩ የእኔ ነው። የበቀለበትና ያደረበት ሁሉ የእሱ ነው። እንደዚህ ተብሎ ይጻፍ።»

«አልቀበልም» አለ ባሳ።

«ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

ይኸው እንደገና ተጀመረ፤ ግን አሁን የተገላቢጦሽ ነው። «ያንቺ ነው፣ ያንተ ነው» ስንባባል ባለሙያው፣ እማማ፣ የሚጻፈው አንድ ስም ነው ይላል፣ የሚሰማው የለም። መምህርቷ እየሳቀች እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና ሁለት ስም ጻፈች። ሁለቱ ስሞች ለአንድ ስም በተተወ ቦታ ላይ ስለተጻፉ፣ በምስክር ወረቀቱም ላይ እስከ ዛሬ የተጠጋጉ ናቸው።

ሶዶ ሲጠሩን አብረን ሄድን። በአዳራሹ መድረክ ላይ ባሳ ማይክሮፎኑን ሊይዝ ሲል ፕሮግራም አስተባባሪዋ ቀድማ ያዘችው፤ ያችን ሴት እግዚአብሔር ይባርካት። መምህርቷ ከታችኛው መንደር ሰውዬ ጋር ተነጋግራ ጦጣው ተፈታ። የተፈታው ጦጣ ሄዶ ሄዶ የባሳ ሾላ ላይ ሰፈረ። ባሳ «ኮሚቴ» ብሎ ስም አወጣለት፤ መጥቶ ያያል፣ ይበላል፣ ምንም ሳይናገር ይሄዳል አለ።

ወረቀቱ ግን አንድ ነው፣ ቤቱ ሁለት። ባሳ ሚስማሩም ፍሬሙም የእኔ ነው አለ፤ እኔም መሬቷ የእኔ ናት፣ ይህንን አንተ ራስህ በሊቀመንበር ፊት መስክረሃል አልኩት። በወላይታ የተጣላ ሰው የሚታረቀው፣ አሮጌው ነገር የሚዘጋውና አዲሱ የሚጀመረው በጊፋታ፣ በአዲስ ዘመናችን ነው። ስለዚህ ከጊፋታ እስከ ጊፋታ በተራ እንዲሰቀል ተስማማን። ሚስማሩ ዝግጁ ስለነበር የመጀመሪያው ተራ ለእሱ ሆነ። የእኔ ተራ ሲደርስ መዶሻ ይዞ መጥቶ እኔ ቤት ሚስማር መታልኝ፤ አጣምሞ ነው የመታው። ሆን ብሎ ነው እላለሁ፣ አይደለም ይል ነበር።

ቦዩን ባሳ ራሱ በዶማው ደፍኖ ውኃውን ወደ ረግረጉ መለሰው። አጥሩ ቀስ ብሎ በቀለ። ደቦ የወጡት ሰዎች በየጊዜው ብቅ እያሉ ምን ያህል እንደደረሰ ያያሉ፣ ሲሄዱም በእግር ጣታቸው ነው የሚረግጡት። ሳና በራሱ ማሳ ዳር አንድ መስመር ስኳር ድንች ተክሎ አየሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ባሳ ያረፈው በክረምቱ መግቢያ ነው። የሐዘን ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ አስቴር ወደ እኔ መጣች። በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይዛለች፤ ስትገልጠው ፍሬሙ ነው። እሱ የለም፣ ስምሽ አለበት፣ አንቺ ጋ ይሁን፣ እኔ ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል አለች።

ተቀብዬ መስታወቱን በቀሚሴ ጠረግሁት። ሁለቱ ስሞች እንደተጠጋጉ ናቸው። ከዚያ መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥሁት።

«የማን ተራ ነው?» አልኳት።

«የእሱ» አለች።

«እንግዲያው መልሰሽ ስቀይው። ተራው አላለቀም።»

አስቴር አየችኝ። እያለቀሰች ሳቀች፤ ነጠላዋን መልሳ አልብሳው ሄደች። ወዲያው መዶሻ ሰማሁ። ሚስማሩ ላልቶ ነበር መሰለኝ።

የባሳ ልጆች ከሀዋሳ መጥተው ድንበሩ የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ቁጥቋጦውን አሳየኋቸው፤ እዚህ ማረሻ አይገባም፣ በእናንተም በእኔም በኩል አልኳቸው። ሰሞኑን ዝናቡ ሲያባራ የስኳር ድንች ሐረግ ቆርጬ የጃርቷን መስመር ተክያለሁ፤ መጀመሪያ በእሱ በኩል፣ ቀጥሎ በእኔ። ወገቤ እሱ እንዳለው ነው፣ ያማል። ዶማውን አቁሜ አገጬን እጀታው ላይ አሳርፌ ትንሽ አረፍኩ። ለካስ ይመቻል።

ጊፋታ ሲገባ ወረቀቱን ላመጣ እሄዳለሁ። አንድ ቀን አልቀድምም። አንድ ቀንም አልዘገይም።